ለገበያ ያልመጣ ሸክላ

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ወረታ ውስጥ «ምስኪን፣ ትዳሯን በአንድ ሸክላ ለወጠችው» እያሉ ከንፈር የሚመጥጡልኝ ሴቶች ሞልተዋል። የምጽፈው ነገሩን ከእኔ በቀር ያላወራው ሰው ስለሌለ ነው። ባለቤቷ ዝም ያለች ወሬ ደግሞ በየቤቱ ቀንድና ጅራት እያበቀለች ታድጋለች።

ያኔ ሠላሳን አልፌ ነበር። በእኛ ከተማ ሠላሳ ዓመት አልፏት ያላገባች ሴት መንገድ ዳር እንደቆመ የጭነት መኪና ናት። የሚያልፈው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ምኗ እንደተበላሸ ይመረምራል። እኔ ምኔም አልተበላሸም። ሹራብ እሠራ ነበር፣ አሁንም እሠራለሁ። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚለያዩበት መገንጠያ አጠገብ እታገኝ የምትባል ጓደኛዬ ልብስ ስፌት ቤት አላት። እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የልጆች ኮፍያ፣ ካልሲ፣ የተማሪ ሹራብ እሠራለሁ። «በዚህ ሞቃት አገር ሹራብ ምን ሊያደርግ!» ብለው የሚስቁብኝ አሉ። ክረምት ገብቶ ውኃው ፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኛ፣ ልጆቻቸው ሌሊቱን ሲንዘፈዘፉ፣ በሬን የሚያንኳኩት እነዚያው ናቸው።

ልውውጡንም የጀመርሁት እኔ ነኝ። ክረምት ሴቱን ቤት ይዘጋዋል፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሜዳው ውኃ ነው። ስለዚህ አንዷ ዳንቴል፣ አንዷ ስፌት፣ አንዷ ጥልፍ ይዛ ትከርማለች። መስቀል አልፎ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሩዙ ሜዳውን አረንጓዴ ሲያለብሰው፣ የሠራነውን ይዘን እታገኝ ግቢ እንሰበሰባለን። ሰሌን ይነጠፋል፤ ሁሉም አንዳንድ ነገር ያስቀምጣል፤ ዕጣ ይወጣል። ተራዋ የደረሰ ሴት ከሰሌኑ ላይ የወደደችውን አንድ ነገር ታነሣለች። ብር የሚባል ነገር አይገባም። ተራዋ ደርሶ ያላነሣች መጨረሻ ላይ የተረፈውን ትወስዳለች። ሕጉ ይኸው ነው።

ቀላል ይመስላል አይደል? ከእኛ ሴቶች ጋር ቀላል ነገር የለም። የወደዱትን ዕቃ ሰው ፊት እጅን ዘርግቶ ማንሣት ነውር ነዋ! መጀመሪያ «ኧረ እኔ ምን ያደርግልኛል» ይባላል። ከዚያ ሁሉም «በሞቴ» ይላል። «አይሆንም» ይባላል። «አፈር ስሆን» ይቀጥላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ሲግደረደር መሸና ሁሉም የማይፈልገውን ይዞ፣ ተኮራርፎ ገባ። እታገኝ ራሷ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን የጣለችበትን ዳንቴል ትታ የሕፃን ካልሲ ይዛ ቀረች። ልጇ ያኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሁለተኛው ዓመት ነው። በዚያ ክረምት ታጨሁ። ሙሉቀን ይባላል፤ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አለው፤ መልከ መልካም ነው፤ አይጠጣም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ እናቱ ስታስነጥስ እሱ አፍንጫውን ይጠርጋል። እኔ ግን ጉድለት የምቆጥርበት ጊዜ ላይ አልነበርሁም። እናቴ ቀለበቱን ባየች ቀን እልል ብላ አልቅሳለች። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ከእንግዲህ የቀረው የእናቱ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ቡራኬ ነው ተባለ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሐሙሲት ሰው ናቸው። አንቱ የምላቸው አንቱታ በነጻ ስለሆነ ነው። የምራታቸውን ሙያ ሊያዩ ለልውውጡ ቀን እንደሚመጡ ሲነገረኝ ክረምቱን ሙሉ አንድ ሹራብ ላይ ተተከልሁ። ቡናማ ቀይ ነው፣ ደረቱ ላይ ነጭ ሐረግ ወርዶበታል፣ አንገቱ ድርብ ነው። ሦስቴ ፈትቼ ሦስቴ ሠርቼዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

«እጃቸው ላይ ሰጥተሽ እንዳታበላሺው፤ እጅ መንሻ ይመስላል» አለችኝ እታገኝ። «ሰሌኑ ላይ አድርጊው። እንግዳ ናቸውና ያለ ዕጣ የመጀመሪያውን ተራ እንሰጣቸዋለን። ራሳቸው ያነሡታል። ሰው ሁሉ ሙያሽን ያያል።»

ምክሯ ደስ አለኝ። ሞኝ ነበርን ሁለታችንም።

አሁን ፈንታነሽን ላስተዋውቃችሁ። ሸክላ ሠሪ ናት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም። በገበያ ቀን ከእታገኝ በረንዳ ፊት ለፊት ድስቷንና እንስራዋን ደርድራ ትሸጣለች። የከተማችን ሰው ስለ ሸክላ ሠሪ ምን እንደሚል የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ልንገር። ድስቷን ይገዛሉ፣ እጇን አይጨብጡም። ዓይኗ ያረፈበት ልጅ ይታመማል ይላሉ። ብሩን እንኳ እጇ ላይ አያኖሩም፤ መሬት ላይ ይጥሉላትና ታነሣለች። እሷ የሠራችውን ድስት ግን እሳት ላይ ጥደው ልጆቻቸውን ያበሉበታል። ይህን አስቦ ያፈረ ሰው ወረታ ላይ አላየሁም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን በረንዳው ላይ ስሠራ የክሩ ልቃቂት ከጭኔ ወርዶ ተንከባለለና አስፋልቱ ላይ ገባ። ባጃጅ መጣች። ክሩ ጎማው ላይ ተጠመጠመ፤ ባጃጇ በጎንደር መንገድ ስትነጉድ የጀመርሁት የተማሪ ሹራብም ከእጄ አምልጦ እየተፈታ ተከተላት። «አቁም! አቁም!» እያልሁ መሮጥ ጀመርሁ። የተረፈውን ልቃቂት ይዤ ስመለስ ፈንታነሽ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነበር።

«እንዲያው ሁልጊዜ ነው የሚያመልጥሽ?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ። አንዴ አቧራ፣ አንዴ ጭቃ፣ ዛሬ ደግሞ ባጃጅ።»

«ምነው ዕቃ ውስጥ ብታኖሪው?»

«ዕቃ ውስጥ ሳኖረው ክሩ ይያዝብኛል፤ ስስበው ዕቃውም ይገለበጣል።»

ልቃቂቱን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያ ቀን እናወራ ነበር። ስለ ልውውጡም ነገርኋት። «እጅሽ የሠራውን ይዘሽ ነይ» አልኋት። እንደምትመጣ ግን እርግጠኛ አልነበርሁም።

መጣች። ፀሐዩ የሚያምር፣ አጥሩ ሥር አደይ አበባ የፈካበት ቀን ነበር። ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ሰሌኑን ከበው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከመካከል፣ ትልቁ ወንበር ላይ ናቸው። ፈንታነሽ በመዝጊያው ብቅ ስትል ወሬው ቆመ። አንዷ «ዛሬ ገበያ የለም» አለቻት።

«ለገበያ አይደለም የመጣሁት» አለችና ከነጠላዋ ውስጥ አንድ ሸክላ አውጥታ ሰሌኑ ጫፍ ላይ አኖረችው። ሄዳም ከሁሉም ርቃ አጥሩ ሥር ተቀመጠች።

ጎድጓዳ ነገር ነው፣ ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የተወለወለ፣ ከታች ወፍራምና ከባድ። ከከንፈሩ ጀምሮ ወደ ጎኑ የሚጠማዘዝ ቀጭን ስንጥቅ አለው። ሴቶቹ አዩትና ተሳሳቁ።

«ውይ፣ የተሰነጠቀውን ሸክላ ለእኛ አመጣችልን!»

«ወጥ ቢያደርጉበት ይፈስ፣ ውኃ ቢያደርጉበት ይፈስ፣ ምን ሊሆን ነው?»

እኔ ግን ገና ሳየው ገባኝ። ልቃቂቱ ከውስጥ ይቀመጣል፣ ክሩ በስንጥቁ ይወጣል፣ ከታች ስለሚከብድ አይገለበጥም። ያቺ ሴት ባጃጇ ክሬን ከወሰደችበት ቀን ጀምሮ ስታስብበት ከርማለች። ክረምቱን ሙሉ እኔ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ስሠራ፣ እሷ ለእኔ ስትሠራ ነበር።  አፍ አውጥቼ ግን ላመሰግናት አልደፈርሁም፤ አማቴ እዚያ ነበሩ።

ዕጣው ወጣ። መጀመሪያ እንደታሰበው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተጋበዙ።

«እትዬ፣ ያንሡ እንጂ» አለች እታገኝ።

እሳቸው ዓይናቸውን ሹራቡ ላይ ተክለው፣ «ኧረ ለእኔ ለአሮጊቷ ምን ይሠራልኛል!» አሉ።

«በሞቴ እትዬ!» አልን ሁላችን።

«ወጣቶቹ ይውሰዱ።» ይህን ሲሉ እጃቸው ወርዶ የሹራቡን እጅጌ እየዳበሰ ነበር።

«አፈር ስሆን!» አልሁ እኔ ራሴ ተነሥቼ።

«አልፈልግም አልሁ እኮ ልጄ። የሞላለት ቤት ነው ያለኝ።»

አራተኛውን ልመና እየጠበቁ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። እታገኝ ግን ባለፈው ዓመት ካልሲው አስመርሯት ስለነበር ሕግ አክባሪ ሆናለች። «እሺ፣ የሚቀጥለው ተራ» ብላ አለፈች። ቀጥለው የነበሩት ሴቶች ሁሉ «እትዬ ጥሩወርቅ ሳያነሡ እኛ? ነውር ነው!» እያሉ ተራቸውን ለቀቁ። ሹራቡ ሰሌኑ ላይ፣ የሁሉም ዓይን ሹራቡ ላይ። ማንም የሚነካው የለም።

«ፈንታነሽ» አለች እታገኝ ዕጣውን አይታ።

ፈንታነሽ ተነሣች። መጀመሪያ ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች። ከዚያ ቀጥ ብላ መጥታ ሹራቡን አነሣችና ለበሰችው። ልክክ አለላት። ለምኗት የሚያውቅ ሰው የለምና መለመንን አልጠበቀችም። ሕጉ አንሺ ይላል፣ አነሣች። እዚያ ከተሰበሰብነው መካከል እስከዚያች ሰዓት የወደደችውን ነገር የወሰደች ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊታቸው ጠቆረ። «ይቺ ምን ሆነች? ማን አንሺ አላት?»

«ተራዋ ነው፣ እትዬ» አለች እታገኝ ቀስ ብላ።

«የምን ተራ! ሸክላ ሠሪ ከሰው ጋር ምን ተራ አላት?»

ከሰው ጋር አሉ። ፈንታነሽ ግን አልጮኸችም። «እርስዎ አልፈልግም ስላሉ ነው እኮ ያነሣሁት፣ እመቤቴ» አለች።

«አልፈልግም ማለትና አለመፈለግ አንድ ነው እንዴ!»

ይህን ንግግር ዛሬም ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። የአገራችንን ሴቶች ታሪክ በሙሉ በአንድ አፍ ተናገሩት። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። ጉርምርምታው ጀመረ። ገላዋን ነካው፣ ዓይኗ አረፈበት፣ የሙሽራ እጅ የሠራው ልብስ እንዴት እንዲህ ባለ ሰው ላይ ይውላል፣ ለሠርጉም ክፉ ምልክት ነው። ሰሌኑን የሞሉት ዳንቴሎች ተረሱ።

ሙሉቀን እናቱን ሊወስድ በዚህ መሐል ደረሰ። ነገሩን ሰማና መፍትሔ አገኘ፤ ነጋዴ አይደል? ከኪሱ የብር ኖት አውጥቶ ሰሌኑ ላይ ጣለ። «ሸክላሽ ተሸጠልሽ፤ ብሩን አንሺ፣ ሹራቡን አውልቂ። አለቀ» አላት።

የእናቱ ፊት ፈታ አለ። ሴቶቹም «እውነቱን ነው» አሉ። አያችሁ፣ ሸክላው በብር ከተገዛ ነውር የለውም። ሸክላ መግዛትማ ሁሌም ይገዛል። ነውሩ መለዋወጡ ነበር። መለዋወጥ የአንቺ እጅና የእኔ እጅ እኩል ነው ማለት ነዋ!

ፈንታነሽ ብሩን አላነሣችውም። «ለገበያ አላመጣሁትም» አለች።

«ዋጋው ስንት ነው? ካነሰሽ ልጨምር።»

«ዋጋ የለውም። እንዲህ ያለ ሸክላ የሚገዛኝ የለም። ለእሷ ነው የሠራሁት።» በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሙሉቀን ጠጋ አለና «ትርንጎ፣ ንገሪያት። ብሩን ውሰጂ በያት። አንድ ቃል ነው፣ እናቴ ትረጋ» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ።  የእናቴ እልልታ ጆሮዬ ላይ መጣ። ጥር ሩቅ አልነበረም። አንዲት ቃል ብተነፍስ ፈንታነሽ ሹራቡን ታወልቃለች፣ ብሩን ከመሬት ታነሣለች፣ በሚቀጥለው ገበያ ድስቷን ትደረድራለች። እኔም አገባለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህ ሰዎች አልፈልግም ሲሉ የሚፈልጉትን፣ እፈልጋለሁ ሲሉ የማይፈልጉትን እየገመትሁ ልኖር ነው። ሙሉቀንም አጠገቤ ቆሞ አፍንጫውን ሊጠርግ ነው።

«እትዬ፣» አልሁ፣ «እቤትዎ ወጡ የሚሠራው በምንድን ነው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዞረው አፈጠጡብኝ።

«ምን አልሽ?»

«ድስቱን ማን ሠራው ነው የምልዎ።»

«በብሬ የገዛሁት ነው!» አሉ። «በብር የተገዛ ነገር ንጹሕ ነው!»

 ሄጄ ሸክላውን ከሰሌኑ ላይ አነሣሁ፤ በዚያን ቀን የወደደችውን ያነሣች ሁለተኛዋ ሴት ሆንሁ። አጥሩ ሥር ፈንታነሽ ተቀምጣበት ከነበረው ቦታ አጠገብ ቁጭ አልሁ። ከቦርሳዬ ልቃቂቱንና የጀመርሁትን የልጅ ኮፍያ አውጥቼ፣ ልቃቂቱን ሸክላው ውስጥ ከትቼ፣ ክሩን በስንጥቁ አሳልፌ መሥራት ጀመርሁ።  ክሩ እየተሳበ መጣ፤ አልተያዘም። ሸክላውም ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ዋጋዋን ለብሳዋለች» አልሁ ቀና ሳልል።

ፈንታነሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አራገፉ። ልጃቸውን «ተነሥ!» አሉት፤ ቆሞ ነበር። ብሩን ከሰሌኑ ላይ ማንሣቱን ግን አልረሱም። ሌሎቹም አንድ በአንድ ዕቃቸውን እየለቀሙ፣ ራስ ምታት እየያዛቸው ወጡ። እታገኝ ሰሌኑን ስታይ የባለፈው ዓመት ዓይነት ዳንቴል ተረስቶ ቀርቷል። ግራ ቀኝ አየችና አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ሙሉቀን በረንዳው ላይ መጣ። ዓይኑ አብጧል፤ ይህን አልክድም፣ ይወደኝ ነበር። «መላ አግኝቻለሁ» አለኝ። «አንቺ ምንም አትበይ። እኔ በስውር ሄጄ ሴትየዋን አስማማታለሁ። ሹራቡን እናቃጥለዋለን። እናቴ ሌላ ትሠራልኛለች ብላለች።»

«ማን? እኔ?»

«አዎ። ደስ ብሏት ነበር እኮ በሹራቡ። እንድትለምኛት ነበር የጠበቀችው።»

«አንተስ ምን ትላለህ? የእናትህን አላልሁም፣ ያንተን።»

ወደ አስፋልቱ አየ። የሩዝ ጆንያ የጫነ መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ። «እኔማ ምን እላለሁ፣ እናት ናት» አለ።

ቀለበቱን ከጣቴ አወለቅሁና መዳፉ ላይ አኖርሁለት። «በብር የገዛኸው ነው፤ ንጹሕ ነው። ለእናትህ መልስላቸው» አልሁት።

ውድ አንባብያን፣ ከዚያ በኋላ ያለቀስሁ መሰላችሁ? አልቅሻለሁ። ለሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። እናቴ ዓመት ሙሉ አኮረፈችኝ። ኮፍያ ያዘዙኝ ሴቶች ትእዛዛቸውን ሰረዙ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እየተሽኮረመሙ ተመለሱ፤ ብርድ ይሉኝታ አያውቅም። ሙሉቀን በሚቀጥለው ጥር ሌላ አገባ። የሠርጉ ወጥ የተሠራባቸውን ድስቶች ከፈንታነሽ ነው የገዙት። እሷው ስቃ ነገረችኝ።

የተቀየረው ነገር ትልቅ አይምሰላችሁ። ከተማው ያው ነው። ዛሬም ብር መሬት ላይ ይጥሉላታል። የተቀየርሁት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ስፈልግ እፈልጋለሁ እላለሁ፣ ሳልፈልግ አልፈልግም እላለሁ። በእኛ አገር በዚህ ብቻ ሰው ባለጌ ሊባል እንደሚችል እወቁት። እናንተም አንድ ጊዜ ሞክሩት። ወዳጅ ይቀንሳል፣ ቤት ግን ይሰፋል።

ልውውጡ አልቆመም። መስቀል ባለፈ ቁጥር ሰሌኑ ይነጠፋል። ቁጥራችን ካለፈው ያንሳል። ፈንታነሽ ያንን ሹራብ ለብሳ ትመጣለች፤ እጅጌው ጫፍ ላይ ጭቃ ደርቆበታል፤ አጥሩ ሥር መቀመጥ ግን ትታለች።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ከሐሙሲት አንዲት ሴት መጣችና ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልከውኝ ነው አለች። ያንን የመሰለ፣ ቡናማ ቀይ፣ ነጭ ሐረግ ያለው፣ በፈለግሁት ዋጋ እንድሠራላቸው ነው።

«ያ ሹራብ አይሸጥም» አልኋት። «እጃቸው የሠራውን ይዘው ይምጡ። ሰሌኑ ላይ ያኑሩ፣ ዕጣ ያውጡ። ተራቸው ሲደርስ የወደዱትን ያነሣሉ። ቦታ አለ በያቸው።»

ልቃቂቴ ሸክላው ውስጥ ዞር አለ። ሴትየዋ ልትሄድ ስትል ጠራኋት።

«ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ እንደምለምናቸው ንገሪልኝ።»